ወፍጮ ቤት የሚውል ስልክ

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የነገረን የእድሩ ለፋፊ ነው፤ በትክክል ለመናገር ግን አልነገረንም። ልጁ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን አንጠልጥሎ በእኛ መንገድ ሲያልፍ የሱቄን መዝጊያ እየከፈትኩ ነበር። የቀብሩን ሰዓት ያዝኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ያዝኩ፣ የሟቿን ስም ግን ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ይዞት ሄደ። ጎረቤቴ ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ "እትዬ ብርቄን እኮ ነው የሚለው!" ባይለኝ ኖሮ ለቀብሩ ሳልደርስ እቀር ነበር። እሳቸው ቢሰሙት ልጁን አስቁመው "አንተ! ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚነገረው? ወዲህ በል!" ብለው የራሳቸውን መርዶ ራሳቸው ይለፍፉት ነበር። ያውም ያለ ድምፅ ማጉያ፤ እስከ መናኸሪያው ይሰማ ነበር።

ለማያውቋቸው ላስተዋውቅ። ከእኔ የሞባይል ጥገና ሱቅ ወረድ ብሎ፣ ጎሚስታውን አልፎ፣ ግድግዳው ከውጭም ከውስጥም ነጭ የሆነ ወፍጮ ቤት አለ። ነጭነቱ የኖራ ሳይሆን የዱቄት ነው። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ልጃቸው ቤዛ ገና በዳዴ ላይ ነበረች፤ እሳቸው ለአርባው የመጣ ዘመድ ሳይበተን ሞተሩን አስነሥተው ሥራ ጀመሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የኢተያ ስንዴ፣ የሁሩታ ገብስ፣ የሲሬ በቆሎ በእጃቸው ሳያልፍ የተበላ አይመስለኝም። ሞተሩ ሲጮኽ ከዋለ ቤት ውስጥ ሰው የሚያወራው በጩኸት ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። የእሳቸው ልዩነት ሞተሩ ሲጠፋ እሳቸው አለመጥፋታቸው ነበር። "እንዴት አደርክ" ሲሉኝ የጎሚስታው ውሻ ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል። ንስሐ አባታቸው አባ ገብሬ ኑዛዜያቸውን የሚቀበሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሜዳው መሀል ወስደው ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ የራሳቸው ነው፣ ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም። "ልጅና ዱቄት ሳይነፋ አይታመንም!" ይላሉ። የሚሉት ወንፊት ይዘው ስለሆነ ለመከራከር አይመችም። ልጅን እንዴት እንደሚነፉ ያየነው ግን ቤዛ ስልክ ከተገዛላት በኋላ ነው።

ስልኩን የገዙላት ወደው አይደለም። መምህራኑ ማስታወሻውን በቴሌግራም እንልካለን አሉ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዚያው አፉ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለ። ማለትም ልጁ ስልክ ሊኖረው ግድ ነው፣ ይዞት ግን መገኘት የለበትም። ይህን እንቆቅልሽ እትዬ ብርቄ በአንድ ቀን ፈቱት። ቤዛ ትምህርት ቤት ስትውል ስልኩ ወፍጮ ቤት ይውላል። ዱቄት እንዳይገባበት በፌስታል ተጠቅልሎ ሚዛኑ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚስጥር ቁጥሩን የመረጡት እናትየዋ ናቸው፤ "ጢን" ባለ ቁጥር ማን ምን እንዳለ የሚያዩትም እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ ወላጆች ካልተናገርኩ እትዬ ብርቄን መበደል ይሆንብኛል። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ የአሰላ ወላጅ ለንስሐ አባቱ የማይነግረውን ለእኔ ይነግረኛል። አንዱ አባት ግራ ቀኙን አይቶ ይገባና "ልጄ ሳያውቅ የሚጻጻፈውን የማይበት ነገር ትጭንልኛለህ?" ይለኛል በሹክሹክታ። የዚያው ሰውዬ የራሱ ስልክ መስታወት ሲሰበር ግን ሠርቼ እስክጨርስ ከአጠገቤ አይነቃነቅም፤ "ሌላ ሌላውን እንዳትነካካ" እያለ ላብ ያጠምቀዋል። አንዲት እናት ልጇ ተኝታ እያለች የልጅቷን ጣት ስልኩ ላይ አስነክታ እንደከፈተች በኩራት ነግራኛለች፤ ባሏ የእሷን ስልክ ቢነካ ሽማግሌ ሳይቀመጥ አይቀርም። እትዬ ብርቄ እንዲህ ያለ ሌብነት አያውቁም። የሚፈትሹት በጠራራ ፀሐይ፣ እህል ሊያስፈጭ የተሰለፈ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ቤዛንም አልደበቋት። "አይቻለሁ! አያለሁ! ገና ደግሞ አያለሁ!" ብለዋታል፤ እኔም ሱቄ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ችግሩ የድምፅ መልእክት ነበር። የዛሬ ልጅ መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ቁልፉን ተጭኖ ያወራል። እትዬ ብርቄም ስልኩን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ።

"አንተ ልጅ! ይኼ ስልክ ድምፁ ታፍኗል! ዱቄት ገብቶበት ነው፣ ጥረግልኝ!"

እፈታዋለሁ፣ በብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ዘፈን እከፍትበታለሁ። ጎሚስታው ከውጭ አብሮ ይዘፍናል።

"ደህና ነው እትዬ።"

"ምን?"

"ደህና ነው!"

"ደህና ከሆነ ለምን አይሰማም?"

በሳምንቱ ይመለሳሉ። ተመላልሰው ሲያስቸግሩኝ አንድ ሐቀኛ ነጋዴ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ስፒከር ሸጥኩላቸው። ያለ ሽቦ ከስልኩ ጋር የሚገናኝ፣ የወተት ጣሳ የሚያህል ጥቁር ስፒከር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰፈራችን የራሱ ራዲዮ ጣቢያ ኖረው።

ጠዋት በባዮሎጂ ማስታወሻ ይጀምራል። ከሲሬ የመጣ ገበሬ ስንዴው እስኪፈጭ ስለ ሰው ኩላሊት አሠራር በነፃ ይማራል። ቀጥሎ የልጃገረዶቹ ወሬ ይመጣል፤ የትኛው መምህር ሱሪውን ገልብጦ እንደለበሰ፣ ማን ፀጉሯን አስቀጥላ እንዳላማረባት። አንድ ቀን የወንድ ድምፅ መጣ። "ቤዚ፣ ትናንት ያልሽኝን ሳስብ አደርኩ" አለ። እትዬ ብርቄ ሞተሩን አጠፉ። ሰልፈኛው ከጆንያው ላይ ተነሣ። ምን ብላው ይሆን እያለ ወፍጮ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዲት ሴትዮ ልጅቷን አሁኑኑ ወደ አክስቷ ሁሩታ ላኳት ብለው መከሩ። ልጁ በሚቀጥለው መልእክት ሲያብራራ ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። "መልሱ ሰባት ነው ያልሽው ልክ ነሽ" አለ ምስኪኑ። ከዚያ በኋላ መልሱ ስንት ቢሆን ለቤዛ ጽፎላት አያውቅም።

ልጅ መቼም አይሸነፍም። የቤዛ ጓደኞች የጣቢያውን የሥርጭት ሰዓት አጠኑ። ጠዋት ጠዋት የሚልኩት መንፈሳዊ ብቻ ሆነ። "ቤዚ፣ ለእናታችን ጤና እየጸለይን ነው" ይላሉ። "ቤዚ፣ በጾሙ በርቺ" ይላሉ፤ ይህን ያለችው ጫልቱ ናት፤ ጫልቱ ጴንጤ ናት። እትዬ ብርቄ ግን ይረካሉ፤ "ልጆቹ ተለወጡ እኮ! ፍተሻ ነው የለወጣቸው!" ይሉኛል። ዋናው ወሬ ቤዛ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ስልኩን ከምስማሩ ካወረደች በኋላ ይሄድ ነበር።

ጫልቱ የቤዛ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። አባቷ ኦቦ ቱፋ ግንበኛ ሲሆኑ ወገባቸውን ታመው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በዚያ ሰሞን ጫልቱ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ምክንያቱን የምታውቀው ቤዛ ብቻ ነበረች።

ቀኑ የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሏል። እኔም የቤቴን ስንዴ ይዤ ተሰልፌያለሁ። ስልኩ "ጢን" አለ፤ እትዬ ብርቄ በዱቄታም ጣታቸው ነኩት።

"ቤዚ ኮ" አለ ስፒከሩ፤ የኔ ቤዚ ማለቷ ነው። "ደላላው ቀኑን አመጣው። ነገ ጠዋት አዳማ ይጠብቀኛል፤ ፓስፖርቱን እሱ ጨርሶታል፣ ዕድሜዬን ጨምሮ። ለእማዬ ልብስ ልለካ ነው ብያታለሁ። አባቴን አደራ፤ ተደብቆ እንደሚያለቅስ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።"

በችኮላ ጊዜ የሥርጭት ሰዓት ማን ያስታውሳል? እዚያው ሰልፍ ውስጥ የጫልቱ አክስት ነበሩ። ቁናቸውን ጥለው ሲሮጡ ገብሱ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ማንም አላነሣውም።

ጫልቱ አልሄደችም። አባቷ በዚያው ከሰዓት ደላላው ዘንድ ሄደው ፓስፖርቱን ተቀበሉ፤ በዓሉንም እንደምንም ዋሉት። እትዬ ብርቄ ግን በአንድ ጠዋት የሰፈሩ ጀግና ሆኑ። ማኅበርተኞቻቸው እየመጡ እጃቸውን ሳሙ። በየቤቱ የልጆች ስልክ እየተሰበሰበ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ "ልጆቻችንን ከማኅበራዊ ሚዲያ አደጋ እንዴት እንጠብቅ" በሚል ርእስ ልምድ እንዲያካፍሉ ጋበዛቸው። ማይክራፎን ሲያቀብሏቸው "ለምኔ?" ብለው መለሱት። ንግግሩን የሰሙት ከስብሰባው የቀሩ ወላጆችም ጭምር ናቸው። የምስጋና ወረቀቱ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለና በሳምንቱ ነጭ ሆነ።

ከምስጋና ወረቀቱ በኋላ ለመጣው ግን ማንም ሊያጨበጭብ አልተሰበሰበም። ጫልቱ ስልኳን ለቤዛ ዘጋች። መልእክቱን በዚያ ሰዓት የላከችው ራሷ ብትሆንም፣ የነገርሽው አንቺ ነሽ፣ ስልክሽ የት እንደሚውል እያወቅሽ ምሥጢሬን እዚያ ያኖርሽው አንቺ ነሽ አለቻት። አባቷ ተደብቀው የሚያለቅሱ ሰው መሆናቸውን አሁን የአሰላ ግንበኛ ሁሉ አውቋል። የቀሩት ልጃገረዶችም ቤዛን ከቡድናቸው አወጧት፤ ክፍል ውስጥ እሷ ስትመጣ ወሬ ይቀየራል። ከወፍጮ ራዲዮ ጋር ማን ይጫወታል?

ቤዛ አንድ ቀን ማምሻውን ስልኩን ከምስማሩ አውርዳ ሱቄ መጣች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው፤ ትምህርት ቤት ግን አልነበረችም።

"ጋሼ፣ ይኼን ስልክ ሽጥልኝ።"

"እናትሽስ?"

"እማዬ ከፈለገች ምስማሩን ታዳምጥ።"

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት። ጫልቱን እሷው ልታስቀራት እንደነበር ነገረችኝ። ማታ ማታ ስትለምናት ሰንብታለች፤ ያቺን የመጨረሻ ማታ ብቻ ቢተዉላት ታስቀራት ነበር። ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የሚመረምረው መሣሪያም ሱቄ ውስጥ የለም። "ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም" አለች። "እዚያ የሚያናግረኝ የለም፣ ቤትም የሚሰማኝ የለም። ለእማዬ አንድ ነገር ስነግራት ትስቃለች። ጫልቱ ተጣላችኝ ስላት ሳቀች! ታምናለህ?"

ስልኩን አልተቀበልኳትም። እሷ ከሄደች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያው ስልክ በእናትየዋ እጅ ተመልሶ መጣ።

"አንተ ልጅ! ይኼ ነገር ተበላሽቷል! መልእክት አይገባም!"

ከራሴ ስልክ አንድ መልእክት ላክሁበት፤ "ጢን" አለ።

"ይኸው ገባ!"

"ያ ያንተ ነው! የልጆቹስ? የባዮሎጂ መምህሩ ብቻ ነው የቀረው!"

"እትዬ፣ ስልኩ ደህና ነው። የሚጽፍላት ሰው ነው የጠፋው።"

"ምን?"

"ሰው ነው የጠፋው!"

"ምን አልከኝ?"

ጎሚስታው አላስቻለውም፤ ከውጭ ሆኖ "የሚያናግራት ጠፋ ነው የሚልዎት! ልጅቷ ብቻዋን ቀረች!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ብርቄ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ እሳቸውን ዝም ብለው አይቻቸው ስለማላውቅ ታመሙ ብዬ ውኃ ላመጣ ተነሣሁ። ቀና ሲሉ ግን ወስነው ነበር።

"ሽማግሌ እልካለሁ!"

"ለማን?"

"ለጫልቱ!"

በአሰላ ምድር ትልቅ ሰው ለተማሪ ልጅ ይቅርታ ሽማግሌ ልኮ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባ ገብሬ ተመረጡ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘውዴ ተመረጡ። እኔ ደግሞ የድምፅ መልእክት ምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ላስረዳ ተጨመርኩ፤ የቴክኒክ አማካሪ መሆኔ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋቢ ለብሰን፣ ከዘራ ይዘን ኦቦ ቱፋ ደጃፍ ላይ ቆምን። ግቡ ሲሉን ጋሽ ዘውዴ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ቁና ቁና ተነፈሱና ጀመሩ።

"እንግዲህ ኦቦ ቱፋ፣ የመጣነው ከቤትዎ መልካም ልጅ እንዳለች ሰምተን፣ ልንዛመድ ፈልገን ነው።"

ጋሽ ዘውዴ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ሁልጊዜ ለጋብቻ ነው፤ የሚያውቁት ንግግርም እሱን ብቻ ነው። ከውስጥ የጫልቱ እናት "ያ ዋቃዮ!" ብለው ፈጣሪን እየጠሩ ጮኹ። ኦቦ ቱፋ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

"ምን? ልጄ ተማሪ ናት! ዕድሜዋም አልደረሰም፣ ሕግ አለ! ከደላላ አፍ ያወጣኋት ትናንት ነው፣ እናንተ ዛሬ ለማን ልትሰጡብኝ ነው? ቄስ ይዛችሁ?"

አባ ገብሬ የጋሽ ዘውዴን ጋቢ ጎተቱ። "ዘውዴ፣ ይቅርታ እኮ ነው የመጣንበት!"

"ይቅርታም ቢሆን መዛመድ ነው" አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ ሽንፈት አያውቁም።

እስክንረጋጋ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ነገሩ ሲገባቸው ኦቦ ቱፋ እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም አሉና "ይህ የኔ አይደለም፤ የተበደለችው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቁ" ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ጫልቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እጇን አጣጥፋ የሁላችንንም ንግግር እስከ መጨረሻው ሰማች፤ የእኔን የቴክኒክ ማብራሪያ ጭምር።

"እኔ ምሥጢሬን ለአንድ ሰው ነገርኩ" አለች። "እትዬ ብርቄ ለወፍጮ ቤት አሰሙት። እሳቸውም ለማንም ያልነገሩትን አንድ ነገር በድምፅ ይላኩልኝ። ወፍጮ ቤት ሄጄ በራሳቸው ስፒከር አሰማዋለሁ። ያኔ እኩል እንሆናለን፤ ቤዛንም አናግራታለሁ።"

"ጫልቱ!" አሉ አባቷ።

"ምሥጢር የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው" አሉ አባ ገብሬ፤ ሥራቸው ሊነጠቅ ነዋ።

ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እኛም ጋቢያችንን ሰብስበን ተመለስን። ቅጣቱን ለእትዬ ብርቄ ስናደርስ "እሷ ልጅ ዳኛ ትሆናለች!" ብለው ብቻ ወደ ሞተራቸው ዞሩ። ምን ምሥጢር ይኖራቸዋል ብለን ጎሚስታውና እኔ ስንገምት ዋልን። የሚያስቡትን ሁሉ የሚጮኹ ሰው የተረፈ ነገር ይኖራቸዋል ብሎ የጠረጠረ ከሁለታችን አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤዛን አስከትለው መጡ። ልጅቷን "አንቺ እዚያ ጎሚስታው ጋ ቆይ! ይኼ አንቺ የምትሰሚው አይደለም!" ብለው እኔን ብቻ ይዘው ገቡና በሩን አዘጉኝ። ስልካቸውን አዘጋጅቼ ቁልፉን አሳየኋቸው። አፋቸው ድረስ አስጠጉት፤ በእሳቸው ቤት በሹክሹክታ መናገራቸው ነበር። የሱቄ መስታወት በር ነፋስ ያግዳል እንጂ ድምፅ አያግድም።

"ጫልቱ ልጄ! ብርቄ ነኝ! ለማንም ያልነገርኩት ይኼ ነው! ጆሮዬ አይሰማም! ግራው ከሞተ ቆየ፤ ቀኙም ተጠግተው ካላወሩበት አይሰማም፣ እየሄደ ነው! አዳማ ያለው ሐኪም ከወፍጮው ራቂ ብሎኛል። ርቄ ልጄን በምን ላስተምር? ቤዛ ካወቀች ትምህርቷን ትታ ሞተሩ ላይ ትቆማለች፤ እኔ አውቃታለሁ፣ ሞኝ ናት! ስለዚህ ዝም አልኩ። ቤት ገብታ ስታወራኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ደስ ያላት ሲመስለኝ እስቃለሁ። ምን እንዳለች ግን አላውቅም! ስልኩን ግን ማስጮህ ይቻላል፣ መድገም ይቻላል። የልጄን ወሬ የምሰማው በሱ ብቻ ነበር። የሷን ፍለጋ ስከፍት ያንቺ መጣ፤ ሰው ፊት ጣልኩሽ። አጥፍቻለሁ ልጄ፤ ይቅር በዪኝ!"

ቀና ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። ጎሚስታው የአየር መሙያውን አጥፍቶታል። ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ እግሩን ከመኪናው ላይ አንሥቷል። ሁለት መንገደኞች ቆመዋል። ቤዛ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ እናቷን ታያለች።

እትዬ ብርቄ ይህን ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበር አላዩም። "እንዳትናገር! ይህን አንተና ጫልቱ ብቻ ናችሁ የምታውቁት!" አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? የሚገርመው ይህ ወሬኛ መንገድ፣ ሰው ጥፍሩን ሲቆርጥ የሚያወራ መንገድ፣ ያን ነገር እስከ ዛሬ አላወራውም። ጎሚስታው በማግስቱ እንኳን "ምን ነበር ያሉት ትናንት?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልሰማሁም አልኩት። እሱም አልሰማሁም አለኝ። ጫልቱም ድምፁን ወፍጮ ቤት አላሰማችውም፤ ለሽማግሌዎቹ ይበቃኛል ብላ ላከች፣ ዳኝነቱም በዚያው ተዘጋ። ወፍጮውን እትዬ ብርቄ ለሰው አከራዩት። ቤዛ ትምህርቷን ቀጠለች፤ የምስማሩ ሹመት ያኔ ቀረ። በቀብሩ ዕለት ሁለቱ ልጆች ከሬሳው ኋላ ተያይዘው ሲሄዱ አይቻለሁ።

እኔ ግን እትዬ ብርቄን ሳስብ የሚመጣብኝ ያው ከሰዓት ነው። መልእክቱ ከሄደ በኋላ ቤዛ በሩን ከፍታ ገባች። ምንም እንዳልሰማች ሁሉ ፊቷን ጠርጋ ነው የገባችው። ስልኩ "ጢን" አለ። ጫልቱ በድምፅ መልሳለች። እትዬ ብርቄ ብርሃኑን አይተው ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

"ክፈተው! አስጩኸው!"

ቤዛ ቀድማኝ አነሣችው። አላስጮኸችውም፤ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ደግማ ሰማች።

"ምን አለች? ምን አለችኝ?" አሉ እናትየው።

ቤዛ የቆመችው በስተግራቸው ነበር። ዞራ በቀኛቸው መጣች፣ ሻሻቸውን ገለጥ አደረገች፣ አፏን ጆሯቸው ላይ አስጠጋችና ቀስ እያለች ነገረቻቸው። ብዙ ነገረቻቸው። እትዬ ብርቄ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሰሟት። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጫለሁ፤ ጎሚስታውም በሩ ላይ አንገቱን አስግጓል። ሁለታችንም አንዲት ቃል አልሰማንም።